ማሲንቆ በመሪጌታ ቤት

ነቀምቴ፣ ጨለለቂ
ጥር 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባቴ ለመሪጌታ ሠርፀ፣ አርጆ

አባቴ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? ቤቱን የሚይዙልዎት የእትዬ ብርቄስ ጉልበት ተሻለው? እኔ ተመስገን ደህና ነኝ። ደብዳቤዎን ቀነአ ትናንት ሚኒባሱን ፋርማሲው በር ላይ አቁሞ ሰጠኝ። «የየኔታ ወረቀት ከአንድ ተሳፋሪ ይከብዳል» ብሎ ቀለደ። አንብቤ ስጨርስ እውነቱን ነው አልኩ።

የጠየቁኝን አልሸሽም። አዎ፣ በሚካኤል ማግስት አዳራሹ በር ላይ ስስቅ የታየሁት እኔ ነኝ። ኮንሰርት ልገባ ነበር፤ ገባሁም። ከሌላ ሰው አፍ ስለሰሙት ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ያየኝ ሰው ግን ማን ነው? ራሴ ልጽፍልዎት ነበር፤ ግን የመሪጌታ ልጅ «ዘፈን ቤት ገባሁ» ብላ እንዴት እንደምትጀምር ጠፋኝ።

አብራኝ የነበረችው ሊሊሴ ናት። ግቢያችን ውስጥ ከእኔ ቀጥሎ ያለውን ክፍል የተከራየችው። የአርጆ ልጅ ናት፤ እናቷ ገበያው ዳር ጨው የሚሸጡት ናቸው። የምትዘፍነው እሷ ነበረች፤ ለዚህ ነው የሄድኩት።

«ምን አገኘሽበት?» ላሉኝ ደግሞ እንዲህ ነው። በስልክ የምሰማው ዘፈን ጆሮዬ ላይ ያልቃል። ያን ቀን ግን የተቀመጥኩበት የላስቲክ ወንበር ከእኔ ጋር ተንቀጠቀጠ። ሰዉ ግማሹ በኦሮምኛ ግማሹ በአማርኛ ይቀበላል፤ ሁሉም ግጥሙን ያውቀዋል። ሦስተኛው ዘፈን ላይ መብራት ጠፋ። ጊታሩ ዝም፣ ማይኩ ዝም። ሰዉ «ኧረ!» እያለ ሊነሣ ሲል ኦቦ ደረሳ የሚባሉ ሸምገል ያሉ ሰው ማሲንቆአቸውን ይዘው ወደ ሕዝቡ ቀረቡና መድረኩ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ያለ ምንም ማጉያ። ሊነሣ ያለው ሁሉ ወንበሩ ላይ ረጋ።

አባቴ፣ እንዳይቆጡኝ። ማኅሌት ላይ ከበሮው ዐርፎ እርስዎ ብቻዎን ዜማውን የሚያነሡበት ሰዓት አለ አይደል? ልክ እንደዚያ ነበር። የእርስዎ ድምፅ መሰለኝ።

ልጅዎ ብፅዓት

*

አርጆ
ጥር 27 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለብፅዓት ሠርፀ

ሰላመ እግዚአብሔር አይለይሽ። የብርቄ ጉልበት እንዳለ ነው፤ ምላሷ ግን ፍጹም ጤነኛ ነው።

የጠየቅሁሽ ልቆጣሽ አልነበረም። የነገረኝም ሰው ሊያሳጣሽ አልፈለገም። ደስ ብሎሽ ስትስቂ እንዳየሽ ነው የነገረኝ፤ ሌላ ቃል አልጨመረም። ማንነቱን ግን ለጊዜው ተዪው።

ስልኩ እንደምታውቂው ነው። መስከረም ላይ ማማውን መብረቅ ከመታው ወዲህ የሚጠግነው አልተገኘም። ደብዳቤ ይሻላል፤ ሰው የሚጽፈውን ሁለት ጊዜ ያስባል። እኔንም ትንሽ ጉንፋን ይዞኛል እንጂ ደህና ነኝ። መድኃኒት እንዳትልኪ።

ድምፄን ከማሲንቆ ጋር ያወዳደርሽውን አልወደድኩትም። አትድገሚው።

አባትሽ

*

ነቀምቴ
የካቲት 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

አባቴ፣ እንዴት ሰነበቱ? ማሩን የላክሁት መድኃኒት ስላልሆነ ነው፤ በሙቅ ውኃ ይጠጡት።

ከደብዳቤው ጀርባ በእርሳስ የጻፏትን አንድ መስመር መጀመሪያ አላየኋትም ነበር። ሊሊሴ ናት ያየችው። ልክ ነዎት፤ ጽሕፈቴ ተበላሽቷል። የቀኝ እጄ አውራ ጣት አብጦ ነው። ሰው አልመታኝም፣ በርም አልያዘኝም። አንድ ነገር መማር ጀምሬአለሁ። ከኮንሰርቱ በማግስቱ ጀመርኩ፤ ከሥራ ስወጣ ማክሰኞና ዐርብ አንዳንድ ሰዓት።

መሣሪያው ምን እንደሆነ አሁን አልነግርዎትም። ልጽፍ እጀምራለሁ፣ ፊትዎ ይመጣብኛል፣ እተወዋለሁ።

የሚያስተምሩኝ ኦቦ ደረሳ ናቸው። መጀመሪያ ቀን «ሥራሽ ምንድን ነው?» አሉኝ።

«መድኃኒት እሸጣለሁ።»

«እንግዲያስ ታውቂዋለሽ። ይህም በቀን ሦስት ጊዜ ነው። ልዩነቱ ከምግብ በፊትም በኋላም ይቻላል» አሉ።

እስካሁን ያወጣሁት ድምፅ ዘይት ያልተቀባ በር ሲከፈት የሚያሰማውን ነው። ጭራው ሙጫ ካልጠገበ አይናገርም፤ ከጠገበ ደግሞ ይጮሃል። የግቢው ሰው ታግሦኛል። አከራያችን ብቻ «ልጄ፣ ከብት ገዛሽ እንዴ?» ብለውኛል።

እግርዎን ስሜ
ብፅዓት

*

አርጆ
የካቲት 21 ቀን 2016 ዓ.ም.

ልጄ ብፅዓት

ጭራ ያለው፣ ሙጫ የሚበላ፣ የቀኝ እጅን አውራ ጣት የሚያሳብጥ መሣሪያ እኔ የማውቀው አንድ ብቻ ነው። እኔን ለማታለል ከፈለግሽ ጭራውንም የኦቦ ደረሳንም ስም ባልጻፍሽ።

ሦስት ወረቀት ጽፌ ቀድጃለሁ። በመጀመሪያው «አዝማሪ አልወለድኩም» ብዬ ነበር። በሁለተኛው እናትሽ ብትኖር ምን ትል ነበር አልኩ። እሷማ ብትኖር ትስቅ ነበር፤ ስለዚህ ቀደድኩት። ሦስተኛውን ብርቄ አነበበችውና «ይህን ብትልክ ሽሮ አልሠራልህም» አለችኝ። ይህ አራተኛው ነው።

አንቺ ያልጠየቅሽኝን አንድ ነገር ልንገርሽ። ጎጃም ቅኔ ቤት ሳለሁ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ከመንደሩ ሰርግ ሆነና አንድ ማሲንቆ መቺ መጣ። ተማሪ ሰርግ ቤት አይገባም። እኔ ከአጥሩ ውጭ ቆሜ እስኪጨርስ ሰማሁ። የኔታችን ደርሰውበት በማግስቱ ገረፉኝ። ግርፋቱን ረስቼዋለሁ። ማሲንቆውን አልረሳሁትም። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለእናትሽም።

አሁን ስሚኝ። በር ሲከፈት ይመስላል ያልሽው ድምፁን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአንድ ጉልበት ስለምትጎትቺው ይመስለኛል። ልጅ ሆነሽ ከደብተራዎቹ ጋር ስትቀመጪ ከፊደሉ በላይ ያሉትን ምልክቶች አሳይቼሽ ነበር። ሒደት ድምፅን ሳይቆርጡ ከአንዱ ወደ ሌላው ማንሸራተት ነው። ድፋት ዝቅ አድርጎ መመለስ ነው። ይዘት ያዝ አድርጎ መልቀቅ ነው። ርክርክ ደረትን ሳያናውጡ ድምፅን ማንቀጥቀጥ ነው። ደጋንሽ ትንፋሽ ነው በዪ። ትንፋሽ ሲወጣ መጀመሪያ ይሳሳል፣ መሐል ይሞላል፣ ሲያልቅ ይለሰልሳል። ጣትሽ ደግሞ ጉሮሮ ነው። ሞክሪውና ጻፊልኝ።

ይህን ማስተማሬን ለማንም አትናገሪ።

አባትሽ

*

ነቀምቴ
የካቲት 30 ቀን 2016 ዓ.ም.

አባቴ! አባቴ!

ሰላምታውን ይቅር ይበሉኝ፤ መጀመሪያ ይህን ልንገርዎት። ዐርብ ዕለት እንዳሉኝ አደረግሁ። ደጋኑን ቀስ ብዬ አስገባሁት፣ መሐሉ ላይ ሞላሁት፣ ከዚያ ጣቴን ሳላነሣ አንሸራተትኩ። ሒደት። ወጣ! በር አይደለም፣ ከብትም አይደለም፤ ሰው ነው።

ኦቦ ደረሳ ሻያቸውን አስቀመጡ። «ሌላ መምህር አለሽ እንዴ?» አሉኝ።

«አባቴ ናቸው።»

«የት ነው የሚጫወቱት?»

«ቤተ ክርስቲያን» ስላቸው ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸውን ተዉና «እስቲ የነገሩሽን ሁሉ ንገሪኝ» አሉኝ። ድፋቱን ራሳቸውም ሲለማመዱ አመሹ። ለማንም አትናገሪ ያሉኝን ያነበብኩት ከዚያ በኋላ ነው፤ ደብዳቤው ታጥፎ ነበር። እውነቴን ነው።

አይጨነቁ፤ ከነገ ወዲያ ጾሙ ሲገባ ማሲንቆውን እሰቅለዋለሁ። ግን ለዳግም ትንሣኤ ኮንሰርት አለ፤ ኦቦ ደረሳ በአንድ ዘፈን ከጎናቸው ተቀምጬ እንድጫወት ፈቀዱልኝ። ሊሊሴ ናት የምትዘፍነው። ጸያፍ ቃል የሌለበት፣ የእናት ዘፈን ነው። ይምጡልኝ። በር አጠገብ አስቀምጥዎታለሁ፤ ካልተስማማዎት ይወጣሉ። ፋሲካን ደግሞ እኔ አርጆ እመጣለሁ፤ ዳግም ትንሣኤ ሲደርስ አብረን እንመለሳለን።

ልጅዎ

*

አርጆ
ሚያዝያ 10 ቀን 2016 ዓ.ም.

ልጄ

በመዘግየቴ አትቀየሚኝ። የጾም ሥራ በዛብኝ።

ፋሲካን እዚያው አሳልፊ። መንገዱ አስተማማኝ አይደለም ይባላል። እኔም መምጣት አልችልም፤ ተማሪዎቼን ጥዬ መሄድ አይሆንልኝም። ጉንፋኑ ለቆኛል። ያልሽውን ዘፈን በደንብ ተጫወቺ። መጨረሻው ላይ እንዳትቸኩዪ።

አባትሽ

*

ነቀምቴ
ግንቦት 8 ቀን 2016 ዓ.ም.

አባቴ

ለጤናዎ እንደምን አሉ ብዬ እጀምራለሁ፤ ከልቤ ነው። የቀረውን ግን ተቆጥቼ ነው የምጽፈው።

ኮንሰርቱ እሑድ ሆነ። ተጫወትኩ። በሩ አጠገብ አንድ ወንበር ባዶ እንድትቀመጥ አድርጌ ነበር፤ መጨረሻ ላይ አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት ተቀመጠችባት። እግዜር ይስጣት፤ ባዶዋን እያየሁ ልጨርስ አልችልም ነበር።

ስንወጣ የሊሊሴ ስልክ ጠራ። እናቷ ናቸው። ከአርጆ! «መቼ ነው ኔትወርክ የተመለሰላችሁ?» አልኳት። «ከየካቲት ጀምሮ ነዋ፤ እናቴ በየሳምንቱ ትደውልልኛለች» አለች። እኔ ስደውልልዎት «ማግኘት አልቻልንም» የሚለኝ ማማው ስለተበላሸ አይደለም። እርስዎ ስልኩን ስላጠፉት ነው።

ስልኩን ከሊሊሴ ተቀበልኩና እናቷን «አባቴ ደህና ናቸው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ኢንተሎ፣ ልጄ፣ አባትሽን ራሳቸውን ጠይቂ» ብለው ስለ ጨው ዋጋ ማውራት ጀመሩ። ቀነአን ብጠይቀው ጎማ ሊያይ ወረደ። ጎማው ምንም አልሆነም።

ምን በደልኩዎት? ማሲንቆው ነው? ከሆነ ይንገሩኝ፤ ዛሬውኑ ለኦቦ ደረሳ እመልሰዋለሁ። እንደገና በር ላይ ወንበር እያስያዝኩ አልጠብቅም። አርባ አምስት ኪሎ ሜትር ላይ ሆነው ድምፅዎን መከልከልዎ ግን ከግርፋት ይብሳል።

ብፅዓት

*

አርጆ
ግንቦት 11 ቀን 2016 ዓ.ም.

ልጄ፣ የዓይኔ ብርሃን

ማሲንቆውን እንዳትመልሺ። ይህን አስቀድመሽ አንብቢ። በአንቺ ቅር የተሰኘሁበት ነገር የለም።

ድምፄን አልከለከልኩሽም። የለኝም።

ከገና በፊት ጀምሮ ሲሻክር ነበር። ለገና መጥተሽ ጉንፋን ነው ያልሽው ጉንፋን አልነበረም። በሚካኤል ማግስት ቀነአ ነቀምቴ ሐኪም ዘንድ ወሰደኝ። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ጨዋ ልጅ ነው፤ ጉሮሮዬን በቀጭን ካሜራ አይቶ የድምፅ ጅማቴ እንደማይንቀሳቀስ ነገረኝ። ክፉው በሽታ አይደለም፤ እሱን መርምሮ አረጋግጦልኛል፤ በዚህ አትፍሪ። ግን «አባ፣ ሹክሹክታው ይተርፍልዎታል፤ ዜማው አይመለስም» አለኝ። አርባ ሦስት ዓመት የዘመርኩበት ጉሮሮ ነው። ስንት ዓመት እንደዘመርኩ ጠየቀኝ፤ በጣቴ ቆጠርኩለት። እሱም አንገቱን ደፋ።

ከዚያ ስንመለስ አዳራሹ በር ላይ ሰው መንገዱን ሞልቶት ቀነአ ቆመ። ያየሽ ማን እንደሆነ ጠይቀሽኝ ነበር። እኔ ነኝ። ቢጫ ሻርፕ አድርገሽ ነበር። ከዚያች ልጅ ጋር ሆዳችሁን ይዛችሁ ትስቃላችሁ። መስኮቱን ዝቅ አድርጌ ጠራሁሽ። «ብፅዓት» አልኩ። ከእኔ እስከ አንቺ ዐሥር ክንድ አይሆንም። አልሰማሽም። አጠገቤ የተቀመጠው ቀነአም አልሰማኝም። ደግሜ ጠራሁ። ያን ጊዜ ነው ሐኪሙ ያለኝ የገባኝ፤ እሱ ሲነግረኝ አልገባኝም ነበር።

ወርጄ ልይዝሽ እችል ነበር። አልወረድኩም። እንዲያ ስትስቂ እናትሽ ከሞተች ወዲህ አይቼሽ አላውቅም። ትጨርሰው አልኩ። ቀነአንም በወንጌል አስማልኩት፤ አትፍረጂበት።

ከዚያ በኋላማ ውሸቱ ቀለለኝ። ደብዳቤ ላይ ድምፅ አለኝ። አንቺ «የእርስዎ ድምፅ መሰለኝ» ብለሽ ስትጽፊ ወረቀቱን አጥፌ ከዳዊቴ ውስጥ አኖርኩት። እዚያ ውስጥ ነው ያለው።

ማኅሌቱን አሁን ሌላ ሰው ይመራል። ደህና ይመራል። እኔ መቋሚያዬን ይዤ እቆማለሁ። ከሦስቱ ተማሪዎቼ ሁለቱ ሌላ መምህር ፍለጋ ሄዱ፤ አልፈርድባቸውም። ዲያቆን ነብዩ ብቻ ቀርቷል።

ይቅር በዪኝ። አባት ልጁን የሚጠራበትን ሲያጣ ያፍራል።

አባትሽ ሠርፀ

*

ነቀምቴ
ግንቦት 26 ቀን 2016 ዓ.ም.

አባቴ፣ እንዴት ዋሉ? ከአርጆ በሰላም ገብቻለሁ። ቀነአን ይቅር ብዬዋለሁ፤ መንገዱን ሙሉ ግን አላናገርኩትም፣ ይገባዋል።

በሩ ላይ የተናገርኩትን ይርሱልኝ። ያን ሁሉ ጮኼ እርስዎ ብጣሽ ወረቀት አንሥተው ሲጽፉ፣ ትልቅ ነገር ሊሉኝ ነው ብዬ ተቀበልኩ። «ሽሮው እንዳያርር» ይላል። እትዬ ብርቄ ስቀው ሲያበቁ ነው እኔ ማልቀስ የቻልኩት። ወረቀቷን ይዣት መጥቻለሁ።

አሁን መደወል እችላለሁ፤ እርስዎም ስልኩን ሊከፍቱት ቃል ገብተዋል። በየእሑዱ እየደወልኩ አወራልዎታለሁ። መልስዎን ግን በደብዳቤ እፈልገዋለሁ፤ እንደ ድሮው ይጻፉልኝ።

ማሲንቆውን እርስዎ ዘንድ የተውኩት ረስቼው አይደለም። ለምን ብለው በቀነአ ስለላኩብኝ እነሆ መልሱ። ቅዳሜ ጠዋት ነብዩን ሲያስተምሩ ከጓዳ ሆኜ አየሁ። ነብዩ ሳተ፤ እርስዎ እጅዎን አየር ላይ ወደ ታች ጎንበስ አድርገው አሳዩት። ደግሞ ሳተ። ደግሞ አሳዩት። እሱ እጅዎን አላየም፤ ፊትዎን እያየ ነበር፣ የሚያዝኑ መስሎት። እርስዎ የሚያውቁት ሁሉ እዚያው ውስጥዎ አለ፤ መውጫ ነው ያጣው። ማሲንቆ ሰው ይመስላል ያሉት እርስዎ አይደሉም፤ እኔ ነኝ። ግን ሒደቱን በማሲንቆ ላይ ያወጡልኝ እርስዎ ነዎት፣ ሳይነኩት።

ስለዚህ እንዲህ ያድርጉ። ተቀምጠው በጉልበትዎ መሐል ይያዙት፤ ቆዳው ወደ ፊት ይዙር። የግራ ጣትዎ ጭራውን ከጎን ይንካው እንጂ እንጨቱ ድረስ አይጫነው። ደጋኑን በሙጫ ሦስት ጊዜ ይሳቡት። መጀመሪያ ሳምንት ጣት ሳያስገቡ ረጅም ድምፅ ብቻ ያውጡ። በር ይመስላል። አይዘኑ። የጠገነልኝን መምህር እርስዎ ያውቁታል።

እኔ ከኦቦ ደረሳ ሌላ ተውሻለሁ። የሰው ወሬ ካስፈራዎት መስኮቱን ይዝጉ።

ልጅዎ

*

አርጆ
ሐምሌ 30 ቀን 2016 ዓ.ም.

ልጄ ብፅዓት

የእሑዱን ድምፅሽን ሰማሁ። ሊሊሴ ከኋላ ሆና ስትስቅም ሰምቻለሁ። «እየገፉበት ነው?» ላልሽኝ፣ እነሆ።

መጀመሪያ ሁለት ሳምንት አልነካሁትም። ከአልጋዬ ሥር አስገባሁት። ብርቄ ስትጠርግ እያወጣች ወንበር ላይ ታስቀምጥልኛለች፤ እኔ እመልሰዋለሁ። አንድ ቀን ወንበሩ ላይ ሆኖ እንደ እንግዳ ሲያየኝ ጊዜ አነሣሁት።

ስድሳ ስድስት ዓመቴ ነው። ጣቴ መቋሚያ የለመደ ነው፤ ጭራ ሲነካ ይደነግጣል። ዐሥር ቀን ሙሉ የሚያሳፍር ድምፅ አወጣሁ። ብርቄ «ጥጃው እናቱን ፈለገ» ትለኛለች። ሲያመኝ ደጋኑን ወርውሬ አውቃለሁ፤ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ አልተሰበረም። ግን ልጄ፣ በሰኔ ሃያ አንድ፣ በእመቤታችን ዕለት፣ ከቤተ ክርስቲያን መጥቼ ተቀመጥኩና አንድ ድፋት አወጣሁ። አንድ ብቻ። የራሴ ነበር። ከስንት ወር በኋላ ራሴን ሰማሁት። ብርቄ ከጓዳ ወጥታ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች።

ከዚያ ወዲህ ነብዩን በእሱ አስተምረዋለሁ። እሱ ይዘምራል፤ ሲስት በደጋኑ እመልሰዋለሁ። ፊቴን ማየት ትቷል፤ ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማል።

ወሬው ግን ወጣ። የደብሩ ሽማግሌዎች ጠሩኝ። «መሪጌታ አዝማሪ ሆነ ይባላል፤ ማሲንቆ በመሪጌታ ቤት ምን ይሠራል?» አሉኝ። እውነትም ከባድ ጥያቄ ነው፤ በቦታቸው ብሆን እኔም እጠይቅ ነበር። አስቀድሜ የጻፍኩትን ወረቀት ሰጠኋቸው። «መቅደስ አላስገባሁትም፣ አላስገባውምም። ያስተማርኩበት ጉሮሮ ተዘግቷል። ዜማውን ከእኔ ጋር ከመቅበር በጭራም ቢሆን ለልጅ ላቀብል ብዬ ነው። ጥፋት ከሆነ ቅጡኝ፤ አስቀድማችሁ ግን ነብዩን ስሙት» ይላል።

ነብዩን አስነሥተው አዘመሩት። ሲጨርስ ከሁሉ የሚያረጁት አባት «ይህ የሠርፀ ይዘት ነው» አሉ። አንዱ ደግሞ «ቢሆንም ማሲንቆ ማሲንቆ ነው» ብለው ተቆጥተው ወጡ፤ እስካሁን ሰላም አይሉኝም። የተፈረደው ማሲንቆው ከቤቴ እንዳይወጣ ነው። እሺ ብያለሁ። ሊመለስ የነበረ አንድ ተማሪዬን ግን አባቱ ከለከሉት። ይህ አንገብግቦኛል። ምን ይደረግ።

አባትሽ

*

ነቀምቴ
ጳጉሜን 1 ቀን 2016 ዓ.ም.

አባቴ፣ እንኳን ከዘመን ዘመን ሊያሸጋግርዎ ነው።

ለኮንሰርቱ ምን ልልበስ ላሉኝ፣ ሁልጊዜ የሚለብሱትን ነው። ጥምጣምዎንም አያውልቁ፤ ከኋላዎ የሚቀመጠው ሰው እንዳያማርር ጥግ ይዤልዎታለሁ። አይጠሩዎትም፣ መድረክ ላይ አይወጡም፣ ማንም ማሲንቆ አይሰጥዎትም። ኦቦ ደረሳ ቃላቸውን ሰጥተዋል፤ «ግን እጃቸውን ልስም?» ብለውኛል፤ ይሳሙልኝ።

ኮንሰርቱ መስከረም 5፣ ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት ይጀመራል። እኔ ሦስት ዘፈን እጫወታለሁ፤ አንዱን ብቻዬን። እርግጠኛ ካልሆኑ አይምጡ። ይህን የምለው ተቆጥቼ አይደለም። ከመጡ ግን እጄ ይንቀጠቀጣል፤ ያንን ርክርክ ነው ብለው ይለፉልኝ።

ብፅዓት

*

ነቀምቴ፣ ጨለለቂ፣ ከአንቺ ጠረጴዛ ላይ
መስከረም 6 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ጠዋት

ልጄ

ተኝተሻል። ጫማሽን እንኳ አላወለቅሽም፤ እኔ አወለቅሁልሽ።

ትናንት ሁሉም ሲያቅፍሽ በሰዉ መሐል ወደ እኔ መጥተሽ «ምን ተሰማዎት?» አልሽኝ። አፌን ከፈትኩ፤ በዚያ ጩኸት ውስጥ ሹክሹክታ ምን ሊሆን ነው? ራሴን ነቀነቅሁ። አንቺም ሣቅ አልሽ። ያ መልስ አልነበረም። መልሱ ይኸውልሽ።

ስገባ ፈራሁ። ሰው ሁሉ የሚያየኝ መሰለኝ፤ ጥቂቶቹም አዩኝ። ጎኔ የተቀመጠች ሴት «አባ፣ አካም ኦልተን»፣ እንዴት ዋሉ፣ ብላ ወንበሯን ፈቀቅ ስታደርግልኝ ተረጋጋሁ። ያ ከበሮ ሲጀምር ወንበሩ ይንቀጠቀጣል ያልሽው እውነት ነው፤ ሆድ ድረስ ነው የሚገባው። ሊሊሴ ስትዘፍን የእናቷን ድምፅ ሰማሁባት፤ ገበያ ላይ ጨው ስትጠራ የማውቀውን።

ከዚያ አንቺ ወጣሽ። ብቻሽን። ደጋንሽን ስታስገቢ ቀስ ብለሽ ነው፤ መሐሉን ሞላሽው። ያቺ ሴት ወደ እኔ ዞራ «ኢንተለ ኬሰኒቲ?» አለችኝ፤ ልጅዎት ናት ወይ ማለቷ ነው። ከፊቴ አወቀችው። አዎ ብዬ ነቀነቅሁ። እሷ ለፊት ወንበር ነገረች፣ የፊቱ ለጎኑ ነገረ፤ አንድ ረድፍ ሙሉ ሰው ዞሮ አየኝ። አርባ ሦስት ዓመት ስዘምር ሰው ወደ መቅደሱ እንጂ ወደ እኔ ዞሮ አያውቅም፤ ተገቢም ነው። ትናንት ግን የአንቺ አባት ስለሆንኩ ብቻ ዞሩ። በጥምጣሜ አይደለም፣ በዜማዬም አይደለም። ልደብቅሽ አልችልም፤ ደስ አለኝ። ለንስሓ አባቴ እነግራለሁ፤ ግን ደስ አለኝ።

ሲያጨበጭቡ እኔም አጨበጨብኩ። እጄ የሚያውቀው የማኅሌቱን አካሄድ ነው፤ ቀስ ብሎ የሚነሣውን። ሴትዮዋ ተከተለችኝ፤ ከዚያ የፊቱ ረድፍ። አንቺ ቀና ብለሽ ከየት መጣ ብለሽ የፈለግሽው እሱን ነበር። እኛ ነበርን።

ሁለተኛው ዘፈን መጨረሻ ላይ ይዘቱን ቸኮልሽበት። ይህንንም መናገር አለብኝ፤ መምህርሽ ነኝ።

አሁን ሌላውን ልንገርሽ። ዓመቱን ሙሉ ለእግዚአብሔር «ድምፄን መልስልኝ» እያልኩ ስጸልይ ነበር። ትናንት ወንበሩ ላይ ሆኜ መጸለይ ረሳሁ። ሌላው ሲያሰማ መስማት ብቻውን ሥራ መሆኑን አላውቅም ነበር። አርባ ሦስት ዓመት ሙሉ እኔ ሳዜም ቆመው ሲሰሙኝ የኖሩት ምን ሲያደርጉ እንደነበር ትናንት ገባኝ። አሁን የእኔ ተራ ነው። ከበደኝ ልልሽ አልችልም።

ቀነአ በአሥራ ሁለት ሰዓት መጥቶ በሩን አንኳኳ። «የኔታ፣ እንሂድ?» አለኝ። ሂድ ብዬ በእጄ አሳየሁት። ለብርቄ ከነገ ወዲያ እመጣለሁ የሚል ወረቀት ሰጥቼዋለሁ። ለነብዩም ትምህርቱን በራሱ እንዲከልስ ጽፌለታለሁ፤ ብዙ አለው።

ስትነቂ አትደንግጪ፤ አልጋዬ ባዶ ቢሆንም አልሄድኩም። በረንዳው ላይ ነኝ። ሊሊሴ ሻይ አፍልታልኝ፣ ማሲንቆሽን እየቃኘሁ ነው፤ ቀስ ብዬ፣ እንዳላነቃሽ።

አባትሽ ሠርፀ